ነፋሱ በረዶውን የሚጥልበት ቦታ

ሥራ በጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ቦት ጫማ የወንድ ነበር፤ ያውም የግዙፍ ወንድ። ሁለት ካልሲ ደርቤ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቀጠቅኩበት። ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዘመኑ የፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ወሩ ታኅሣሥ ነው። የቀጠረኝ ኩባንያ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ወደ አሥር የሚጠጉ የአፓርታማ ሕንፃዎችን ያስተዳድራል። እኔ ያመለከትኩት ለጽዳት ነበር። የጽዳቱ ሞልቷል፣ የቀረው የግቢ ሠራተኝነት ነው አሉኝ፤ በሙቀቱ ወራት ሣር ማጨድ፣ ቀጥሎ ቅጠል መሰብሰብ፣ በብርዱ ወራት በረዶ መጥረግ። ሦስት ወር ያለ ሥራ ስለተቀመጥኩ ሳላንገራግር እሺ አልኩ።

ፎርማናችን ዋልት የሚባል፣ ከሰሜን ዳኮታ የመጣ፣ ስድሳ ዓመት የተጠጋ ፈረንጅ ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝና «በረዶ ጠርገሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ደሴ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ» አልኩት። የጠየቀኝን እንዳልመለስኩ የገባኝ ካልኩት በኋላ ነው። ዋልት አልሳቀም። አካፋ ሰጠኝና የመግቢያውን በር አሳየኝ። የመጀመሪያውን አካፋ በረዶ ወደ ነፋሱ ወረወርኩት፤ እንዳለ ተመልሶ ፊቴ ላይ አረፈ። ያኔ ሳቀ።

የሥራው ማዕረግ እንዲህ ነው። ከታች የግቢ ሠራተኛ አለ። ከእሱ በላይ የጥገና ሠራተኛ፣ ከዚያ ፎርማን። እያንዳንዱ ሕንፃ ደግሞ ቺፍ ኢንጂነር የሚሉት አለው፤ ቦይለሩም፣ አሳንሰሩም፣ በሩም በእሱ እጅ ነው። የግቢ ሠራተኛ ለፎርማኑም ለቺፉም ይታዘዛል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ የተለያየ ነገር ካዘዙ አጠገብህ ያለውን ትሰማለህ።

ከእኔ ጋር የግቢ ሠራተኛ የነበረው ሆሴ ነው፤ የኤል ሳልቫዶር ሰው፣ በረዶ ጠራጊውን መኪና የሚነዳ። የእሱም የእኔም እንግሊዝኛ ስንኩል ስለነበር በደንብ እንግባባ ነበር።

አንድ ቀን በረዶው ካቆመ በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ተነሳ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የጠረግነው መንገድ ግን እያየነው ይሞላል። ዋልት ጓንቴን አስወልቆ እጄን ቁርጭምጭሚቴ አጠገብ አዘረጋኝ። እንደ አሸዋ ወጋኝ። «አሁን ደረትሽ ጋ አድርጊው» አለ። እዚያ ምንም አልነበረም ማለት ይቻላል።

«አየሽ፣ አብዛኛው አይበርም። ይዘላል» አለ። «አንዷ ፍሬ ተነስታ ስትወድቅ ሌሎቹን ታስነሳለች። ደረቅና ልል ከሆነ መጠነኛ ነፋስ ይበቃዋል። ቀለጥ ብሎ እንደገና በብርድ ከጠጠረ ግን ላዩ ቅርፊት ይሠራል፣ ነፋሱም አያነሳውም።»

እኔ ይህንን ስለ አሸዋ ለስድስት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ሰሌዳ ላይ በጠመኔ የምትዘል ነጥብ እየሳልኩ፣ ፈተና ላይ እያወጣሁ፣ ያልጻፈውን ተማሪ እየጣልኩ። በእጄ የነካሁት ግን ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ ዋልት ቅጠል የምንነፋበትን ሞተር አስነሳ። ልል በረዶው ላይ የብረት ዕቃ ሳጥኑን አስቀምጦ ነፋሱን ለቀቀበት። በረዶው ሳጥኑን ዞሮ ወዲያው ከጀርባው ተከመረ። ሳጥኑን አንስቶ ወተት የሚመጣበትን ባለ ቀዳዳ የፕላስቲክ ሳጥን አስቀመጠ። አሁን በረዶው በቀዳዳው አለፈ፣ ትንሽ ተጓዘ፣ ከዚያ ርቆ በረጅሙና በዝቅታ ተኛ። «ነፋስ የተሸከመውን የሚጥለው ሲደክም ነው» አለን። «ድፍን ግድግዳ ከጀርባው ነፋሱን ባንዴ ይገድለዋል፣ ሸክሙንም እዚያው ያራግፋል። ክፍተት ያለው አጥር ቀስ እያለ ያደክመዋል። ግማሹ እንጨት፣ ግማሹ ክፍት፣ ከሥሩም አንድ ስንዝር ክፍት ይሁን። ከምትጠብቁት ቦታ ደግሞ የቁመቱን ሃያ አምስት እጥፍ አርቁት። በር ላይ በፍጹም አታቁሙ።» እኔና ሆሴ ራሳችንን ነቀነቅን።

ከዚያ ወዲህ ስካይላይን ከሚባሉት ማማዎች ብዙም ወደማይርቅ የአሌክሳንድሪያ ሕንፃ ተዛወርን፤ ሆሴም እኔም። ሁለት ረጃጅም ሕንፃዎች ጎን ለጎን ቆመው በመሃላቸው ጠባብ መተላለፊያ አለ። ዋናው በር መተላለፊያው አፍ ላይ ነው። በሰሜን ምዕራብ በኩል ሰፊ፣ ገላጣ የመኪና ማቆሚያ ሎት ተዘርግቷል። ነፋስ ያንን ሜዳ አቋርጦ ወደ መተላለፊያው ሲገባ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፖስታ አመላላሹ እዚያ ጋ ሲደርስ ኮፍያውን በእጁ ይይዝ ነበር።

የሕንፃው ቺፍ ኢንጂነር ጋሽ መኮንን ነበሩ። እሳቸው የእውነት ኢንጂነር ናቸው። አገር ቤት አምስት ድልድይ ሠርተዋል፣ በመንገድ ሥራ ካምፕ ለዓመታት ኖረዋል። እዚህ መጥተው የተሰጣቸው ቦይለርና የተዘጋ ቱቦ ነው፤ አንድም ቀን ግን ሲያጉረመርሙ አልሰማሁም። ሸሚዛቸውን ተኩሰው ይመጣሉ። እኛ አበሾቹ አንቱ እንላቸዋለን፤ ሆሴ እንኳን አይቶን «ጋሼ» ማለት ጀምሮ ነበር። ሲያዙ በእርጋታ ነው። አባቴ ፊቴ የቆመ ይመስለኝ ነበር፣ አባቴን ደግሞ ተሳስተሃል ብዬ አላውቅም።

በአራተኛው ፎቅ አቶ ጌታሁንና ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳለ ይኖራሉ። አቶ ጌታሁን የኩላሊት ሕመምተኛ ናቸው፤ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሱት። ሰኞ፣ ረቡዕና አርብ ቫን መጥቶ ለኩላሊት እጥበት ይወስዳቸዋል። ቫኑ በሰዓቱ እንዲቆም የበሩን መወጣጫ የምጠርገው እኔ ነኝ። ሲያልፉ «ዛሬም ቀይ ምንጣፍ አላነጠፍሽልኝም» ይሉኛል።

የዘጠና ስድስቱ ትልቅ በረዶ የጣለው በእኛ ገና ነው። ቅዳሜ ማታ ጀመረ፣ እሑድ የገና ዕለት ሙሉ ቀን ጣለ። ቤተ ክርስቲያን የደረሰ ሰው አልነበረም፣ መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል። ዋልት ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉት ሕንፃዎች ታግቶ ቀረ። እኔ፣ ሆሴና ጋሽ መኮንን ግን ቅዳሜውኑ ፍራሽ ይዘን ሕንፃው ምድር ቤት ገብተን ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ አምሳለ ምግብ በፌስታል ይዘው ወረዱ። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን። ፌስታሉን ሲያቀብሉኝ ክንዴን ያዙኝ።

«አስካለ፣ ነገ ሰኞ ነው። ጌታሁን ከአርብ ወዲህ አልታጠበም። ከወዲሁ እግሩ አብጧል፣ ሲተኛም ትንፋሽ ያጥረዋል። ሆስፒታሉ ኮል አድርጎ ባለ ሰንሰለት ጎማ መኪና እልካለሁ ብሏል። በሩ ይከፈታል አይደል?»

«ይከፈታል እትዬ። እኔ ነኝ የምልዎት» አልኩ።

ሬዲዮው ነፋሱ ለሰኞ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞሮ እንደሚበረታ ይናገራል። ጋሽ መኮንን ሰሙና አሰቡበት። ማሰባቸው ትክክል ነበር፤ ነፋሱ ያንን ገላጣ ሎት ጠርጎ በሩ ላይ እንደሚመጣ አውቀዋል። ከምድር ቤት አራት ትልልቅ ኮምፔንሳቶ አስወጡን። ከበሩ ስድስት እርምጃ ያህል ራቅ አድርገን ጎን ለጎን አቆምናቸው፣ በእንጨት ደገፍናቸው፣ እግራቸውን በረዶ በምናቀልጥበት ጨው ከረጢት አስረገጥን። አንድ ቀዳዳ የለውም፤ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ድፍን ግድግዳ።

«ካምፕ እያለን ለአቧራ በቆርቆሮ እንዲህ ነበር የምንሠራው» አሉ። «ቢሮአችን ውስጥ ወረቀት አይነቃነቅም ነበር።»

ሆሴ ምስማሩን አፉ ውስጥ እንደያዘ አየኝ። የዕቃ ሳጥኑን አስታውሷል። ጋሽ መኮንን መዶሻ ሊያመጡ ሲገቡ ጠጋ አለኝ።

«ዋልት በር ላይ አታቁሙ ብሎ ነበር። ንገሪው። ያንቺ አገር ሰው ነው።»

«ለዚያ እኮ ነው የማልነግረው» አልኩት።

ሆሴ አልገባውም። ትከሻውን ነቀነቀ። እኔ ለራሴ ብዙ ምክንያት ደረደርኩ። አምስት ድልድይ የሠራን ሰው አካፋ የያዝኩ እኔ ላርም? በሆሴ ፊት ላዋርዳቸው? ምናልባትም ልክ ናቸው፤ እሳቸው የሚያውቁት እኔ የማላውቀው ነገር አይጠፋም። ይሉኝታ ሲይዝህ ምክንያት አያልቅብህም። ምስማሩን ይዤ አቀበልኳቸው።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወደ በሩ ወጣሁ። ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ አንዲት ፍሬ በረዶ ከላይ አትወርድም። የመስታወቱ በር ግን እስከ እጀታው ድረስ ነጭ ነው። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ነው፤ ገፋሁት፣ አልተነቃነቀም። ከግድግዳው እስከ በሩ ያለው ስድስት እርምጃ በሙሉ ሞልቷል። ከግድግዳው ባሻገር ያለው ሎት አንዳንድ ቦታ አስፋልቱ ይታያል። ነፋሱ የሎቱን በረዶ ሁሉ ተሸክሞ እኛ ያዘጋጀንለት ቦታ ላይ አራግፎታል።

በኋላ በር በኩል ደረጃ ወርደን፣ ወገባችን ድረስ እየሰጠምን ሕንፃውን ዞርን። በዚያ በኩል ዊልቸር ቀርቶ ሰው ተሸክሞ ማለፍ አይሞከርም። ሦስታችንም አካፋ ይዘን ገባንበት። ነፋሱ የጠቀጠቀው በረዶ ከባድ ነው፤ እየቆረጡ ማውጣት ይፈልጋል። አንድ እርምጃ ስንጠርግ ከግድግዳው ጫፍና ጫፍ እየዞረ የሚገባው አዲስ በረዶ ግማሹን ይመልሰዋል። አንድ ሰዓት ቆፍረን ወደ ኋላ ሳይ የጀመርንበት ቦታ ተሞልቷል። ላቤ ጀርባዬ ላይ ይቀዘቅዛል።

ቫኑ ረፋዱ ላይ ደረሰ። የሎቱ መግቢያ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ አየን፣ ሰዓቱን አየ።

«አሥራ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ። ሌሎች ሁለት ሕመምተኞች አሉብኝ» አለ።

አቶ ጌታሁን ከመስታወቱ ጀርባ በዊልቸራቸው ላይ ኮት ለብሰው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አብጧል። አፋቸውን ከፍተው ነው የሚተነፍሱት። ወይዘሮ አምሳለ እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው እኔን ያያሉ። አልተቆጡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሥራ አምስት ደቂቃው አለቀ። ሾፌሩ «ሌሎቹን አድርሼ እመለሳለሁ። ያን ጊዜም ካልተከፈተ ግን የማደርገው የለም» ብሎ ሄደ።

አካፋዬን በረዶው ውስጥ ተከልኩት።

«ጋሽ መኮንን» አልኩ። «ይሄ ግድግዳ ይነሳ።»

ቀና አሉ። «ምን አልሽ?»

«ግድግዳው ነው በረዶውን የሚያመጣብን። ነፋሱን ከጀርባው ይገድለዋል፣ የሞተበት ቦታ ላይ ደግሞ ሸክሙን ይጥላል። ግድግዳው ከሌለ በመተላለፊያው አልፎ ይሄዳል።»

«ከሌለ በቀጥታ በሩ ላይ አይደለም የሚያራግፈው?»

«ጥቂት ይመጣል። እሱንም እዚያ ማዶ እናድክመው፣ በሩ ጋ ሳይደርስ። ይዩት እስቲ፣ አይበርም። መሬት መሬቱን ነው የሚዘለው።»

ጋሽ መኮንን ጎንበስ ብለው ሎቱን አዩ። በረዶው አስፋልቱ ላይ እንደ ቀጭን ጭስ እየተሳበ፣ ቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ወደ እኛ ይመጣል። ብዙ አላዩም። እኔ ቁጣ ስጠብቅ ነበር።

«በምን እናድክመው?» አሉ።

«በፓሌት።»

የጨው ከረጢት የሚመጣበት የእንጨት ፓሌት ምድር ቤት ተደርድሮ ነበር። ጣውላውና ክፍተቱ እኩል ለእኩል ነው፣ ቁመቱ አራት ጫማ። ከበሩ የቁመቱን ሃያ አምስት እጥፍ ይራቅ አልኳቸው። ጋሽ መኮንን በልባቸው አሰሉት፣ ከበሩ ጀምረው በእርምጃ መቶ ጫማ ለኩ፣ ጓንታቸውን ምልክት አድርገው አስቀመጡ። ሆሴ ፓሌቶቹን በመኪናው እየጫነ አመጣ። ከሥራቸው አንድ ስንዝር እንዲከፈት በጡብ ላይ አቆምናቸው፣ አንዱን ካንዱ በሽቦ አሰርን፣ በእንጨት ደገፍን። ኮምፔንሳቶውን ያነሱት ራሳቸው ጋሽ መኮንን ናቸው። የመጨረሻው ሲነሳ ነፋሱ ክፉኛ ገፋቸውና በጉልበታቸው ወደቁ። ልደግፋቸው ስል «ተይኝ፣ አካፋሽን ያዢ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የጠረግነው እንደተጠረገ ቆየ። ከፓሌቶቹ ወዲህ ረጅም፣ ዝቅ ያለ የበረዶ ጀርባ እየተሠራ ሲሄድ አየሁ፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ግን ዱቄት ያህል ነበር። ሆሴ ከሎቱ እስከ መወጣጫው በመኪናው ቀደደ። እኔና ጋሽ መኮንን በሩን ከጎን ከጎኑ እየቆረጥን ነፃ አወጣነው። እጄ ጓንቱ ውስጥ ደምቷል፤ ያወቅኩት በኋላ ሳወልቀው ነው። ይህን በር ሳልከፍት አልቀመጥም ብዬ ምዬ ነበር፣ አልተቀመጥኩምም።

ቫኑ ተመለሰ። በሩ ተከፈተ፣ መወጣጫው ላይ ጨው ተነስንሷል። አቶ ጌታሁንን እኔና ሆሴ ገፍተን አስገባናቸው። እንደ ሁልጊዜው ስለ ምንጣፉ ይቀልዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ትንፋሽ አልነበራቸውም። እጄን ብቻ ነካ አደረጉኝ። ሳንባቸው ውኃ ቋጥሮ ስለነበር ሆስፒታል ሦስት ቀን አስተኟቸው። በሕይወት ተመለሱ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቦይለር ክፍል ተቀምጠን ጓንታችንን እናደርቃለን። ሆሴ ተኝቷል። ጋሽ መኮንን ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ዋልት ነበር። የዛሬውን ስነግረው፣ ይሄንን ለአስካለና ለሆሴ ድሮ አሳይቻቸዋለሁ አለኝ።»

«አዎ።»

«እንግዲያው ትናንት ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ምስማሩን ስታቀብዪኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አክብሬዎት ነው።»

ሸሚዛቸው ተጨማድዶ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እኔን አከበርሽ» አሉ። «ጌታሁንንስ?»

አፈርኩ። ይኸው ዓመታት አልፈው ስጽፈውም አፍራለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ጋሽ መኮንን አናንዴል ካለ የዕቃ መደብር እውነተኛ የበረዶ አጥር ገዙ፤ በሽቦ የተያያዘ ቀጫጭን ጣውላ። በየዓመቱ መሬቱ በብርድ ሳይጠጥር ችካሉን አብረን እንተክላለን። በረዶ ይመጣል በተባለ ቁጥር እቅዳቸውን በወረቀት ስለው ያመጡና «አስካለ፣ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ይሉኛል። የመጀመሪያ ጊዜ «የትም ጋሼ» አልኳቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «አስቢበት፣ እጠብቃለሁ» አሉና እዚያው ቆሙ። አንድ ስህተት አገኘሁ፤ የተጠረገውን በረዶ የሚከምሩት ከአጥሩ ወዲህ፣ ወደ በሩ ጠጋ አድርገው ነበር፤ ክምሩ ራሱ ድፍን ግድግዳ ይሆናል። እርሳስ አውጥተው ወዲያውኑ አረሙት። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እንዲሁ ነበር።

እኔ ኋላ ፎርማን ሆንኩ፣ ብዙ ሠራተኛም በእጄ አለፈ። አጥሩ ከበር ይራቅ፣ ክፍተት ይኑረው፣ ከሥሩ አይደፈን፤ ይህን ማንም በአንድ ቀን ይማረዋል። ሰው የሚያውቀውን ነገር አለቃው ማንም ይሁን ማን በረዶው ሳይነሳ መናገር ግን የሥራው ክፍል ነው፤ እንደ አካፋው። እኔ አንድ ቀን ዘግይቼ ተናገርኩ። አቶ ጌታሁን ከመስታወቱ ጀርባ ኮታቸውን እንደለበሱ ለሦስት ሰዓት ያህል ጠበቁ።